ወረቀቱ በፖሊስ፣ ውጤቱ በሜዳ

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ሲቃረብ የጥያቄ ወረቀቱ በፌዴራል ፖሊስ ታጅቦ ይጓዛል። ታሽጎ ይሄዳል፣ ታሽጎ ያድራል። ተፈታኙ በር ላይ ይፈተሻል፤ ስልክ ይዞ መግባት የለም። ውጤት የሚለቀቅበት ቀን ሲደርስ ግን ያ ሁሉ ዘበኛ የት እንደገባ አይታወቅም። የአንድን ልጅ ውጤት ለማየት አድሚሽን ቁጥሩንና የመጀመሪያ ስሙን ማስገባት ይበቃል። ሁለቱም ምስጢር አይደሉም። ቁጥሩን አጠገቡ የተቀመጠው ልጅ ያየዋል፤ ስሙንማ ሰፈሩ በሙሉ ይጠራዋል።

እንዲህ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። በግንቦት 2008 የእንግሊዝኛ ፈተና ጥያቄዎች በማኅበራዊ ሚዲያ ተለቀቁና ፈተናው ተሰርዞ እንደገና ተሰጠ። ያ ድንጋጤ ከመንግሥት ቤት እስካሁን አልወጣም። ከዚያ ወዲህ «የፈተና ደኅንነት» ሲባል የወረቀቱ ደኅንነት ማለት ሆነ። ከ2014 ዓ.ም ተፈታኞች ጀምሮ ተማሪዎች ከየወረዳቸው ተሰብስበው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ እንዲፈተኑ የተደረገውም ለዚሁ ነው። ኩረጃውን አዳክሞታል፤ ይህን መካድ ነውር ነው። ግን የሚጠበቀው ጥያቄው ብቻ ሆኖ ቀረ፤ መልሱን የሰጠው ልጅ ተረሳ።

የመጀመሪያው ዓመት ቁጥር ሁሉም ያስታውሰዋል፤ ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ 3.3 በመቶ። በቀጣዩ ዓመት 3.2 በመቶ ሆነ። አገር ስለ ትምህርት ጥራት ተከራከረ፣ ሚኒስትሩ ተወቀሱ፣ ተመሰገኑም። ቁጥሩ ሌላም ነገር ይናገራል። ከመቶ ከዘጠና ስድስት የሚበልጡት ልጆች ሙሉ ስማቸውና ትምህርት ቤታቸው ከአነስተኛ ነጥብ ጋር አንድ ገጽ ላይ ተጽፎ፣ ቁጥራቸውን ለያዘ ሰው ሁሉ ክፍት ሆኖ ተቀምጧል ማለት ነው። በአሥራ ስምንት ዓመቷ 40 በመቶ ያመጣች ልጅ ነገ ሐኪም ልትሆን ትችላለች። ገጹ ፎቶ ተነስቶ በቴሌግራም ግሩፕ ከተሰራጨ ግን የዛሬው ቁጥሯ አብሯት ይኖራል።

የ2015 ተፈታኞች ውጤት የወጣው በመስከረም 2016 መጨረሻ ነው። ያን ጊዜ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጧል። ከንፋስ መውጫ፣ ከአርብ ገበያ ወይም ከወገዳ የተፈተነች አንዲት ልጅን እናስብ። ገጹን ራሷ መክፈት አትችልም። ካሏት አማራጮች አንዱ አዲስ አበባ ላለ የአጎቷ ልጅ ደውላ ቁጥሯን ማስጻፍ ነው። እሱ ሥራ ላይ ከሆነ ለጓደኛው ይሰጠዋል፤ ጓደኛው ደግሞ «ቁጥራችሁን ላኩ፣ ውጤት አይተን እንነግራችኋለን» ለሚል የማያውቀው ቻናል ይልከዋል። ቁጥሩ ስንት እጅ እንደዞረ የሚያውቅ የለም። ልጅቷ ራሷ ሳትሰማ ጎረቤት ሰምቶ እናቷን «እግዜር ያጽናሽ» ሊል ይችላል። በሰላሙ ጊዜ ይህ ሐሜት ነው። ጦርነት ባለበት አገር ግን የወጣቶች ስም፣ ወረዳና ትምህርት ቤት አንድ ላይ የሰፈረበት ዝርዝር በማን እጅ እንዳለ መጠየቅ የሐሜት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

«ምን አለበት? ድሮስ ውጤት ግድግዳ ላይ ይለጠፍ አልነበረ?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ይለጠፍ ነበር፣ በወላጆች በዓል ደረጃም በሕዝብ ፊት ይነበብ ነበር። በዚያው በጋይንት ከዚህም የቆየ ፈተና አለ። ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት። ሌላ ቦታ ዓመታት ድጓ የተማረ ሰው መምህር ለመባል ወደዚያ ሄዶ መመስከር አለበት። ያ ፈተና በድብቅ የሚደረግ አይደለም። ተማሪው በመምህሩና በጓደኞቹ ፊት ያዜማል፣ ይሳሳታል፣ ይታረማል፤ እንደገና ይጀምራል። ሁሉም ይሰማል። ነገር ግን የሚሰሙት አብረውት ቆሎ የቆረጠሙ፣ ነገም ሲሻሻል የሚሰሙት ናቸው። ስሕተቱ በሚቀጥለው ዓመት በትክክለኛው ዜማ ይሸፈናል። ከቤተ ልሔም የሚወጣው «መስክሯል» የሚለው ቃል ነው፤ የተሳሳተበት ቀን ዝርዝር ተገልብጦ አዲስ አበባ አይላክም። የግድግዳው ወረቀትም ቢሆን ዝናብ ያወርደው ነበር። ስክሪንሾትን ዝናብ አያወርደውም።

ሕጉ አለ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወት መከበርን ይደነግጋል፤ በ2016 ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። አዋጁ መረጃ ለተሰበሰበበት ዓላማ ብቻ እንዲውል፣ ባለቤቱም እንዲያየውና እንዲያስተካክለው ይፈቅዳል። የቀረው የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ይህን ወደ ራሱ አሠራር መቀየሩ ነው። ጉዳዩ ደግሞ እየከበደ እንጂ እየቀለለ አይሄድም፤ በኮምፒውተር የሚፈተነው ተማሪ እየበዛ ነው፣ ለምዝገባም የፋይዳ ቁጥር ይጠየቅ ጀምሯል። አድሚሽን ቁጥር ቢባክን በዓመቱ ያልፋል፤ ፋይዳ ግን የዕድሜ ልክ ነው።

ችግሩ የድሃ አገር ብቻም አይደለም። ኤስኤቲን የሚያዘጋጀው የአሜሪካው ኮሌጅ ቦርድ ትምህርት ቤት ውስጥ ከተፈተኑ ልጆች የሰበሰበውን መረጃ በገንዘብ ለሌሎች ሲሰጥ በመገኘቱ በ2024 እ.ኤ.አ. ለኒውዮርክ ግዛት 750,000 ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። እዚያ ቢያንስ የሚከስ ዐቃቤ ሕግ ተገኘ።

እዚህ የሚያስፈልገው ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። ተማሪው ፈተና በሚቀመጥበት ቀን እሱ ብቻ የሚያውቀው የምስጢር ቁጥር በታሸገ ወረቀት ሊሰጠው ይችላል፤ የሞባይል ካርድ እየፋቀ ያደገ ትውልድ ይህን ለመረዳት ሥልጠና አያስፈልገውም። ያለዚያ ቁጥር ገጹ አይከፈት። ኢንተርኔት ለሌለበት ወረዳ ውጤቱ በታሸገ ፖስታ ለትምህርት ቤቱ ይላክና ርእሰ መምህሩ ለልጁ በእጁ ይስጠው፤ ጥያቄው ታሽጎ እስከ ደብረ ታቦር ከደረሰ መልሱም ታሽጎ እስከ ስማዳ መድረስ አያቅተውም። ትምህርት ቤቶችም ከፍተኛ ነጥብ ያመጣውን ልጅ ፎቶ ከመለጠፋቸው በፊት ልጁንና ወላጁን ይጠይቁ፤ ጎበዝም ቢሆን ስሙ የራሱ ነው። ገጹ ደግሞ የምደባው ጊዜ ሲያልፍ ይዘጋ። ከዚያ በኋላ ውጤቱን የሚፈልግ ቀጣሪ ወይም ኮሌጅ ካለ፣ ባለቤቷን ጠይቆ ከእጇ ይቀበል።