ፋይላችንን ለሰባ ፈታሽ እንስጥ?

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ቫይረስ ነው። አይዟችሁ፣ የሚያስነጥሰው አይደለም። ኮፒ ቤት ገብታችሁ ሲቪ ልታሳትሙ ፍላሻችሁን ስትሰኩ ፎልደሮቻችሁን ሁሉ ሾርትከት አድርጎ የሚጠብቃችሁን ማለቴ ነው። ግቢ ውስጥ የመመረቂያ ጽሑፉን በፍላሽ ይዞ የተንከራተተ ሁሉ ያውቀዋል።

እንግዲህ አንቲቫይረስ ማለት አዲስ አበባ ውስጥ በየሕንጻው በር ላይ ቆሞ ቦርሳ የሚፈትሸው ዘበኛ ነው በሉት። ዘበኛው በዋናነት የሚይዘው በዝርዝሩ ላይ ያለውን ነው። ዝርዝሩ ካልታደሰ፣ ማለትም አንቲቫይረሱ አፕዴት ካልተደረገ፣ አዲሱን ሌባ “ይግቡ ጌታዬ” ብሎ ሊያሳልፈው ይችላል። ደግሞ አንድ ዘበኛ የሚያውቀውን ሌባ ሌላው ላያውቀው ይችላል።

“ታዲያ ዘበኞቹን ሁሉ አንድ ቦታ ሰብስበን ቦርሳውን ለምን ወደ እነሱ አንልከውም?” የሚል ሐሳብ የመጣው ከዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የአሜሪካው የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ክላውድ ኤቪ የተባለ ሥራ አቀረቡ። የእናንተ ኮምፒውተር ላይ የሚቀመጠው ቀለል ያለች ፕሮግራም ብቻ ናት። አዲስ ፋይል ሲመጣ ወደ ሰርቨር ትልከዋለች። እዚያ 10 አንቲቫይረሶችና የፋይሉን ጠባይ የሚከታተሉ 2 ሌሎች መፈተሻዎች በአንድ ጊዜ ጎን ለጎን ያዩታል። አንዴ የታየ ፋይል ውጤቱ ስለሚቀመጥ፣ ያንኑ ፋይል ሌላ ሰው ሲያመጣው እንደገና አይፈተሽም። በ7,220 አደገኛ ፋይሎች ሞክረውት 98 በመቶውን ያዘላቸው።

ዛሬ ይህን አገልግሎት ማንም ሰው በነጻ ያገኘዋል። በጣም የታወቀው ቫይረስ ቶታል ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በስፔን ተጀመረ፤ በ2012 ጉግል ገዛው። ፋይላችሁን ትጭናላችሁ፣ ከ70 የሚበልጡ መፈተሻዎች ያዩታል፣ በደቂቃዎች ውስጥ ስንቱ “ሌባ ነው” እንዳለ ይነገራችኋል። ከቴሌግራም ላወረዳችሁት አፕ ወይም ጌም ከዚህ የተሻለ ነገር ማግኘት ይከብዳል። ምሥጢር የለውም፣ ጫኑት።

ችግሩ ያለው ቦርሳው ውስጥ የራሳችሁ ያልሆነ ነገር ሲኖር ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ ትልቅ ሰው፣ ጋሼ ነው የምላቸው፣ የሚሠሩበትን መሥሪያ ቤት የሚመለከት ሰነድ በፍላሽ ሰጡኝ። “ልጄ፣ ከአንቺ እንዳያልፍ” አሉኝ። ቢሮ ስገባ ኮምፒውተር የሚያውቀው ባልደረባዬ ፍላሹን አይቶ “ሳትከፍቺው ክላውድ ላይ አስፈትሺው፣ አንድ ደቂቃ ነው” አለኝ። ምክሩ በቅንነት የተሰጠ ነው፤ የማይታወቅ ፋይል ዝም ብሎ አይከፈትም። እኔ ግን እንቢ አልኩት።

ለምን መሰላችሁ? እንዲህ ዓይነት ቦታ የሚጫን ፋይል ተፈትሾ አይጣልም። ለአንቲቫይረስ ኩባንያዎቹ ይደርሳል፤ የሚከፍሉ ደንበኞችም ሊያወርዱት ይችላሉ። አዲስ ቫይረስ የሚጠናው በዚህ መንገድ ስለሆነ አሠራሩ ለዓለም ይጠቅማል። ለጋሼ ግን አይጠቅምም። ሰነዱ ላይ ፊርማ አለ፣ ፋይሉ ውስጥ ደግሞ የጻፈው ሰው ስም ሊኖር ይችላል። እ.ኤ.አ. ሰኔ 2023 የቫይረስ ቶታል የራሱ ሠራተኛ ወደ 5,600 የሚጠጉ ደንበኞችን ስምና ኢሜይል የያዘ ፋይል በስህተት እዚያው ጭኖ ነበር። በአንድ ሰዓት ውስጥ ቢያነሱትም ዝርዝሩ ጋዜጠኞች እጅ ገባ። የቤቱ ባለቤት ያልዳነበትን ወጥመድ እኛ እንዴት እንዘለዋለን?

እንቢ ስል ግን እጄን አጣጥፌ አልተቀመጥኩም። እያንዳንዱ ፋይል የራሱ አሻራ አለው፤ ሻ 256 በተባለ ስሌት የሚወጣ 64 ፊደልና ቁጥር ነው። ከሰነዱ ውስጥ አንዲት ነጥብ ብትለወጥ አሻራው ሌላ ይሆናል፤ አሻራውን ይዞ ግን ሰነዱን መልሶ ማግኘት አይቻልም። ስለዚህ ፋይሉን ሳትልኩ አሻራውን ብቻ መጠየቅ ትችላላችሁ። ከዚህ በፊት የተያዘ ሌባ ከሆነ ይነግሯችኋል። “አናውቀውም” ካሉ ግን ንጹሕ ነው ማለት አይደለም።

ለሙያችን ትልቁ ነገር ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 20 ቀን 2013 ከኢትዮጵያ ውጭ ይሠራ በነበረው ኢሳት፣ ሁለት ሠራተኞች ላይ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሦስት ጊዜ የስለላ ፕሮግራም ተልኮባቸዋል። ከተላኩት አንዱ ጽሑፍ የያዘ ፒዲኤፍ ይመስል ነበር። የካናዳው ሲቲዝን ላብ በ2014 ባወጣው ጥናት፣ ፕሮግራሙ ሃኪንግ ቲም የተባለው የጣሊያን ኩባንያ ለመንግሥታት ይሸጠው የነበረው እንደሆነ አሳየ። ለአንድ ሰው ተብሎ የተሰናዳ ፋይል በሰባውም ዘበኛ ዝርዝር ላይ ላይኖር ይችላል። ሰባው “ንጹሕ ነው” ቢሉ እንኳ ልባችሁ አይረፍ።

ታዲያ ምን ይሻላል? እኔ እንዲህ ያለ ሰነድ የምከፍተው ኢንተርኔት በሌለውና ሌላ ሥራዬ በሌለበት አሮጌ ላፕቶፕ ነው። ዴንጀርዞን የሚባል ነጻ ፕሮግራምም አለ። ሰነዱን እዚያው በራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ በተዘጋ ሳጥን ውስጥ ከፍቶ፣ ገጹን ወደ ምስል ይለውጥና እንደገና ፒዲኤፍ ያደርገዋል። ተደብቆ የመጣ ነገር ካለ እዚያው ይቀራል። ዊንዶውስ ላይ ያለው ዲፌንደርም አጠራጣሪ ፋይል ወደ ማይክሮሶፍት የሚልክበት ቅንብር አለው። መላክ የሌለበት ነገር ከያዛችሁ ገብታችሁ አጥፉት።

ባልደረባዬ “አንቺ ደግሞ ታካብጃለሽ” ብሎኛል። ሊሆን ይችላል። ኮምፒውተሬ በቫይረስ ቢበላሽ ፎርማት አስደርጌ እቀጥላለሁ። የጋሼ ስም አንዴ ከወጣ ግን ፎርማት የሚያደርገው የለም።