የወገብ ካሳና የልጅ ቀለብ

ከኒውአርክ አውሮፕላን ማረፊያ ወጥቶ ወደ ኤልሳቤጥ ወደብ የሚያመራ እንግዳ ግራ ቀኙን የሚያየው የኮንቴይነር ክምርና መስኮት የሌለው መጋዘን ነው። በእነዚህ መጋዘኖች ሣጥን ሲያነሳ ከሚያድረው ስደተኛ መካከል የእኛም ልጆች አሉ። ያረፍኩበት ዘመዴ አንዱ ነው። ወገቡን የተጎዳውም እዚያው ነው። እኔ ስደርስ የካሳ ጉዳዩ ሊዘጋ ተቃርቦ ስለነበር ወደ ጠበቃው ቢሮ አብሬው ሄድኩ።

የጠበቃው ረዳት ስለ ክፍያው ከማውራቷ በፊት ሙሉ ስሙን፣ የትውልድ ቀኑንና የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሩን ጠየቀችው። ለምን እንደሆነ ሲገባው ፊቱ ተለዋወጠ። በኒው ጀርሲ ሕግ የጠበቃና የሕክምና ወጪ ተቀንሶ ለባለጉዳዩ የሚደርሰው ገንዘብ ከ2,000 ዶላር ከበለጠ፣ ውዝፍ የልጅ ቀለብ እንዳለበት ሳይጣራ ቼክ አይጻፍለትም። ዕዳ ከተገኘ ከካሳው ላይ ተነስቶ ቀለብ ወደሚሰበስበው የፍርድ ቤቱ የፕሮቤሽን ክፍል ይላካል። የማጣሪያው ዋጋ ከ10 ዶላር አይበልጥም። የእሱ ውጤት ሲመጣ ከ14,000 ዶላር በላይ ውዝፍ አሳየ። ሊደርሰው የነበረው 31,000 ገደማ ነው።

«ይሄ እኮ የወገቤ ዋጋ ነው» አለኝ ደረጃውን ስንወርድ። «ደመወዜን ይቁረጡ፤ የወገቤን ዋጋ ግን እንዴት?»

አነጋገሩ ልብ ይነካል፤ ሌሎች ሐበሾችም በየቡናው ላይ ይህንኑ ሲሉ ሰምቻለሁ። ነገሩን ሳሰላስለው ግን ልስማማ አልቻልኩም። የሥራ ላይ ጉዳት ካሳ ለሕመምና ለስቃይ አይከፍልም። ሐኪሙና መድኃኒቱ ለብቻ ይከፈላሉ። ለሠራተኛው በእጁ የሚሰጠው በአብዛኛው ሠርቶ ያገኝ የነበረውን፣ አሁን ግን የቀረበትን ለመተካት ነው። ወገቡ ደህና ቢሆን ኖሮ ልጁ ከዚያ ደመወዝ ይበላ ነበር። የደመወዙ ምትክ ሲመጣ ልጁ ከማዕዱ የሚነሳበት ምክንያት አይታየኝም። በ1996 ፕሬዚዳንት ክሊንተን የፈረሙት የፌዴራል ሕግም ክፍለ ግዛቶች ሁሉ ካሳን ለውዝፍ ቀለብ መያዝ እንዲችሉ ያስገደደው በዚሁ መንፈስ ይመስለኛል።

የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው፤ ዕዳው የተቆለለበት መንገድ። ዘመዴ ልጁን የካደ ሰው አይደለም። ጤነኛ ሳለ ቀለቡ በየሳምንቱ ከደመወዙ እየተቆረጠ ይሄድ ነበር። ሲጎዳ ደመወዙ ቆመ፤ ቆራጩ አሠሪም አብሮ ቆመ። ኢንሹራንሱ በኒው ጀርሲ ደንብ የደመወዙን 70 በመቶ ይከፍለው ጀመር፤ ቀለቡ ግን የተወሰነው በሙሉ ደመወዙ ልክ ነበር። ወገቡ መጎዳቱን ለዳኛው የነገረው የለም። እሱም «ኬዙ ይለቅና አንድ ላይ እከፍላለሁ» እያለ የቤት ኪራዩን አስቀደመ።

እዚህ አገር ይህ ሐሳብ ያስከፍላል። በ1986 የወጣ የፌዴራል ሕግ አለ፤ ሕጉ በስማቸው የሚጠራው ሴናተር ቢል ብራድሊ የዚህችው የኒው ጀርሲ ተወካይ ነበሩ። በዚህ ሕግ ያልተከፈለ ቀለብ ቀኑ እንዳለፈ እንደ ፍርድ ይቆጠራል። ዳኛ ቢያዝንም ወደ ኋላ ተመልሶ መቀነስ አይችልም። የሚቀንሰው ማመልከቻው ቀርቦ ለሌላው ወገን ከተነገረበት ቀን ወዲህ ያለውን ብቻ ነው። እኛ ዘንድ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሳይጠየቅ ሦስት ወር ያለፈውን ቀለብ፣ ተቀባዩ ለኑሮው እንደሚያስፈልገው ካላስረዳ በቀር፣ ቀሪ ያደርገው ነበር። በዚያ ልማድ ያደገ ሰው ዝም ካሉት ይረሳል ብሎ ቢያስብ አይገርምም።

ስለዚህ ለተጎዳ ሠራተኛ፣ የአምቡላንሱ ሰዎች ሄደው ኢንሹራንሱ እንደደወለ፣ በዚያው ሳምንት ቀለቡ እንዲሻሻል ማመልከት አለብህ ብሎ በአማርኛ የሚነግረው ሰው ያስፈልጋል። የካሳው ጠበቃ ይህንን ላይነግረው ይችላል፤ የያዘው ሌላ ጉዳይ ነው። በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ ስለ ታክስና ስለ ግሪን ካርድ ሲነገር ሰምቻለሁ፤ ስለዚህ ግን አንድም ቀን አልሰማሁም።

ከፕሮቤሽን ክፍሉ የመጣውን የሂሳብ ዝርዝር ማታ አብረን አየነው። ውዝፉ በሁለት ተከፍሏል፤ አንዱ ለልጁ እናት የሚገባ፣ ሌላው ለመንግሥት የሚመለስ። እናትየው ክፍያው በተቋረጠባቸው ወራት የመንግሥት የገንዘብ እርዳታ ተቀብላ ነበር። ሕጉ እርዳታ የሚቀበል ወላጅ የቀለብ መብቱን ለመንግሥት እንዲያስተላልፍ ያዛል። ልጁን ያበላው በዚያን ጊዜ መንግሥት ስለሆነ ሒሳቡ ልክ ነው ይባል ይሆናል። እኔ ግን ከተጎዳ አባት ካሳ ተነስቶ ለልጁ ሳይደርስ ወደ መንግሥት ካዝና የሚገባ ገንዘብ ቀለብ ሊባል አይገባውም እላለሁ።

ዘመዴ ይህን ሲያይ ስለ ወገቡ ማውራቱን ተወ። «ለእሷ የሚደርሰው የትኛው ነው?» ብሎ ጠየቀኝ፤ በጣቴ አሳየሁት። በማግስቱ ቀለቡ እንዲሻሻል የሚጠይቀውን ማመልከቻ ሞልተን፣ የሐኪሙን ወረቀትና የኢንሹራንሱን የክፍያ ደረሰኝ አያይዘን አስገባን። ለቀጠሮው እንዲደርስ የልጁን የትምህርት ቤት ወጪ ዝርዝር እናትየው ራሷ ልትልክለት ተስማማች። የ14,000ውን ዕዳ ማመልከቻው አይነካውም።