ሻይ በስንት ሰዓት?

ነርሷ የጠየቀቻት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ክኒኑን በምንድን ነው የምትውጪው?» ሴትዮዋም ጥያቄው ምን ፍለጋ እንደሆነ ሳይገባት «በሻይ» ብላ መለሰች። የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ስድስት ሳምንት ሙሉ፣ አንድም ቀን ሳታጓድል፣ ከሌሊት ሥራዋ በተመለሰች ቁጥር ትኩስ ሻይዋንና ዳቦዋን አቅርባ የብረት ክኒኗን ውጣለች። የሄሞግሎቢኗ መጠን ግን ካለበት አልተነቃነቀም፤ ለነፍሰ ጡር የመጨረሻው ዝቅተኛ ወሰን ተደርጎ ከሚቆጠረው ከ11 ግራም በዴሲሊትር በታች እንደወረደ ቀርቷል። ሐኪሞቹ ብረቱን በደም ሥር ስለመስጠት መነጋገር ጀምረው ነበር። ነገሩ የተፈታው በዚህች በአንዲት ቃል መልስ ነው።

ለሻይ ምሬቱንና ምላስን የሚጨብጠውን ጣዕሙን የሚሰጡት ፖሊፌኖል የሚባሉት ውህዶች ናቸው። እነዚሁ ውህዶች ከምግብ ጋር አብረው ሲገቡ ብረቱን አንጀት ውስጥ ይዘው ያስቀሩታል፤ ወደ ደም ሳይገባ ይወጣል። ከሥጋ የሚገኘው ብረት በዚህ ብዙም አይጎዳም። ከእህል፣ ከጥራጥሬ፣ ከጎመንና ከክኒን የሚገኘው ግን በእጅጉ ይቀንሳል። ወቅቱ ደግሞ ዐቢይ ጾም ነበር። የንስሐ አባቷ ነፍሰ ጡር መሆኗን ሲያውቁ ከጾሙ ነጻ እንደሆነች ነግረዋታል፤ እርሷ ግን ሰዓቱን ብትተው እንኳ ከፍስክ ምግብ ለመታቀብ ወስናለች። ስለዚህ ወደ ገበታዋ የሚመጣው ብረት በሙሉ ከሽሮ፣ ከምስርና ከእንጀራ ነው፤ በብረት ሀብቱ የሚወደሰው ጤፍም ቢሆን በምርመራ ከሚታይበት ብረት ከፊሉ በአውድማ ሲወቃ ከአፈር የሚጣበቅበት ነው። በዚህ ሁሉ ላይ በየገበታው ሻይ ይጨመራል።

ነርሷ ሻይ ክፉ ነው አላለችም። ያለችው ክኒኑን በብርቱካን ጭማቂ ዋጪው፤ ሻዩን ከምግቡም ከክኒኑም ቢያንስ አንድ ሰዓት አርቂው ነው። ቀላል ምክር ይመስላል። ይህች ሴት ግን በሕይወቷ ሻይን ከምግብ ለይታ አስባው አታውቅም።

ያደገችው ደብረ ብርሃን ነው። በዚያ ብርድ አገር ጠዋት የሚጀምረው በማንቆርቆሪያ ነው፤ ውሃው ከቀረፋ፣ ከቅርንፉድና ከሄል ጋር እስኪፈላ ይጠበቃል፤ ቅጠሉ የሚጨመረው በመጨረሻ ነው፤ ጥቂት እንደቆየም ይወርዳል። ይህ ቅደም ተከተል ከልማድ በላይ ምክንያት አለው። ቅመሙ ጣዕሙን ለመልቀቅ ረጅም እሳት ይፈልጋል፤ ቅጠሉ ግን ብዙ ከፈላ ይመራል። ሁለቱን ባንድ ላይ የሚያፈላ ሰው ወይ ቅመም አልባ ወይ መራራ ሻይ ነው የሚጠጣው፤ በውጭ አገር በከረጢት ተዘጋጅተው «የቅመም ሻይ» ተብለው የሚሸጡት አብዛኞቹ የሚያሳዝኑትም ለዚህ ነው። ከዚያ ስኳሩ ነው። ስለ ስኳሩ ባይነሳ ይሻላል።

በአገር ቤት ሻይ ሁልጊዜ የቡና ታናሽ ሆኖ ኖሯል። ሥርዓት የለውም፤ ዕጣን አይጨስለትም፤ ቄጠማ አይጎዘጎዝለትም። ቋንቋው ራሱ ይህን ደረጃ ይመሰክራል። «ቡና ቤት» ብሎ የሚገባ ሰው ቢራ ሊያገኝ ይችላል፤ «ሻይ ቤት» ብሎ የሚገባ ግን የሚያገኘው ሻይ፣ ፓስቲና ቦንቦሊኖ ነው፤ ደንበኛውም የቀን ሠራተኛ፣ ተማሪና ሾፌር ነው። ጉቦ እንኳ ትንሽ ስትሆን «ለሻይ» ትባላለች። የሚገርመው ደግሞ አገሪቱ ሻይ የምታመርተው በቡና ምድር መሆኑ ነው፤ ውሽውሽ ከፋ ውስጥ ቦንጋ አጠገብ፣ ጉመሮ ደግሞ ኢሉባቦር ውስጥ ጎሬ አጠገብ ነው። ቡና በጫካ ውስጥ ከሚበቅልበት ቦታ ጎን የሻይ ቅጠል ተተክሎ፣ ከዚያ ተሸክሞ የሄደው ሰው ግን አሁንም እንግዳ ሲመጣበት «ቡና ይፈላ» ነው የሚለው።

ቡና ሰው ይጠራል፤ ሻይ አይጠራም። ለዚህ ነው በስደት ሻይ የሚበረታው። ከሌሊት ፈረቃ የተመለሰ ሰው ቡና ቆልቶ ጎረቤት የሚጠራበት ጉልበት የለውም፤ የሚጠራው ጎረቤትም ሥራ ላይ ነው። ሻይ ግን በሦስት ደቂቃ ይደርሳል፤ ቆመውም ይጠጡታል። ሴትዮዋ ይህን የተማረችው ሲልቨር ስፕሪንግ ከመምጣቷ በፊት ነው። ከዚያ በፊት ሻርጃ ነበረች፤ ሰባት ዓመት፣ በሰው ቤት።

በዚያ ቤት ሻይ ማለት ከረክ ነበር። ስሙ ከህንድ የመጣ ነው፤ ትርጉሙም «ብርቱ» ማለት ነው። ወደ ባሕረ ሰላጤው ያመጡት ከህንድና ከፓኪስታን የሄዱ ሠራተኞች ሲሆኑ፣ ዛሬ የአገሬው ሰው መኪናውን መንገድ ዳር አቁሞ፣ ጡሩምባ ነፍቶ፣ በወረቀት ኩባያ የሚገዛው የራሱ መጠጥ ሆኗል። አሠራሩ ደብረ ብርሃን የምታውቀውን ሁሉ ይጥሳል። እንደ ፍርፋሪ ደቅቆ የተዘጋጀው ቅጠል ከመጀመሪያው ይገባል፤ ሄልና ስኳር ይጨመራል፤ ከዚያ የቆርቆሮ ወተት ይፈስበታል፤ ቀለሙ የሸክላ አፈር እስኪመስል ድረስ እየገነፈለና እየተመለሰ ይንተከተካል። ምሬቱ እንዲወጣ ነው የሚፈለገው፤ ወተቱ ያንን ምሬት የሚሸከመው ነው። በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጠዋትና ከአሱር ሶላት በኋላ ታፈላ ነበር፤ ለሰባት ሰው። ድስቱ ሥር የሚቀረው የእርሷ ነው፤ ወጥ ቤት ውስጥ፣ ቆማ።

ያንን ቤት ትታ ስትወጣ ከረክን ዳግመኛ ላለመቅመስ ለራሷ ምላ ነበር። አሁን ግን ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ጾም ባልሆነበት ወር፣ ባሏ ታክሲውን ይዞ ሲወጣ፣ የቆርቆሮ ወተቱን ከቁም ሳጥኑ ጀርባ አውጥታ ከረክ ታፈላለች። ለማንም አልነገረችም። የሚያሳፍራት መጠጡ ሳይሆን መውደዷ ነው። ሰው በግድ የለመደውን ነገር በፈቃዱ ሲናፍቅ ናፍቆቱ የማን እንደሆነ ማወቅ ይቸግራል። ምላስ ግን እንዲህ ዓይነት ክርክር አይገባውም፤ ሰባት ዓመት የቀመሰውን ይጠይቃል። አንድ ልዩነት ብቻ አለ። አሁን የምትጠጣው ተቀምጣ ነው፤ ከድስቱም የመጀመሪያውን ትቀዳለች።

የሥራዋ ሻይ ከሁለቱም ይለያል። የምትሠራው በአረጋውያን መጦሪያ ቤት ነው፤ ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት፤ እርሷ ዛሬም በእኛ ሰዓት ነው የምትቆጥረው፤ ስልኳ የሚለውን ስድስት ሰዓት ትቀንስበታለች። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ፣ መተላለፊያው ጸጥ ሲል፣ ከረጢት ሻይ ከማይክሮዌቭ በወጣ ውሃ ላይ ይጠለቃል። ይህ ሻይ ጣዕም የለውም፤ ሥራው ማንቃት ነው። በዚህም ላይ ስሌት አለ። አንድ ኩባያ ሻይ ከ40 እስከ 50 ሚሊግራም የሚሆን ካፌይን ይዛለች፤ ይህም ከአንድ ኩባያ ቡና ግማሽ ያህል ነው። ለነፍሰ ጡር በቀን ከ200 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይመከራል። ችግሩ ከመጠኑ ይልቅ ሰዓቱ ላይ ነው። በሌላ ሰው ሰውነት ውስጥ ካፌይን በ5 ሰዓት አካባቢ ግማሹ ይወገዳል፤ በእርግዝና መጨረሻ ወራት ግን ይኸው እስከ 15 ሰዓት ሊደርስ ይችላል። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ የጠጣችው ሻይ ጠዋት 3 ሰዓት መጋረጃ ጋርዳ ስትተኛ አብሯት ይተኛል፤ ወይም አያስተኛትም። ሕፃኑም እኩለ ቀን ላይ የሚራገጠው በዚህ ሳይሆን አይቀርም ብላ ትስቃለች።

የሥራ ባልደረባዋ የሐረር ልጅ ናት፤ እርሷ ሻይን በጠቅላላው ትንቃለች። የምትጠጣው ቁጢ ነው፤ የቡናው ፍሬ ሳይሆን ቅጠሉ፣ ደርቆና ታምሶ፣ ከወተትና ከቁንጥር ጨው ጋር የሚፈላው። የአውሮፓ ኅብረት በ2020 የቡና ቅጠልን እንደ ሻይ ዘፍዝፎ መሸጥን «ከሦስተኛ አገር የመጣ ባህላዊ ምግብ» ብሎ ሲፈቅድ ልጅቱ ለሳምንት ተሳልቃለች፤ አያቷ ፈቃድ ሳያገኙ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲጠጡት እንደኖሩ ለሰማትም ላልሰማትም ትናገር ነበር።

ከደብረ ብርሃን የሚመጣው ሻይ ግን ጨርሶ ሻይ አይደለም። ሰው በተላከ ቁጥር እናቷ በፌስታል ጠቅልለው ደጋው ላይ የበቀለ ጦስኝና የጓሮ ጤና አዳም ይልካሉ። ጦስኙ ለጉንፋን፣ ማታ፣ በማር ነው። ስለ ጤና አዳሙ ሴትዮዋ ተጨንቃ ነበር፤ ብዛት ያለው ጤና አዳም ማሕፀንን የሚያኮማትር በመሆኑ ለነፍሰ ጡር አይመከርም፤ ይህን ለእናቷ እንዴት እንደምትነግራቸው አታውቅም። ስልኩን ስትደውል ግን ገና አፏን ሳትከፍት እናቷ ቀደሟት፤ «ጤና አዳሙን አሁን እንዳትነኪው፣ ልጄ። እስክትወልጂ ይቀመጥ። የላክሁት ለክርስትናው ቡና ነው።»

እንግዲህ ይህን የሚያውቁ ሴት ሻይና ምግብ እንደማይስማሙ እንዴት ሳያውቁ ቀሩ? ምናልባት ማወቅ አላስፈለጋቸውም። ቡናም ቢሆን ብረትን ያግዳል፤ ከሻይ ያነሰ ቢሆንም። ነገር ግን በእናቷ ቤት ምሳ ተበልቶ፣ እጅ ታጥቦ፣ ከሰል ተቀጣጥሎ፣ ቡናው ታጥቦ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ ጀበናው ተጥዶ፣ አቦሉ እስኪቀዳ ድረስ ሰዓት የሚጠጋ ጊዜ ያልፋል። ነርሷ ያዘዘችው አንድ ሰዓት ከጥንትም በሥርዓቱ ውስጥ ነበር። ማንም ለብረት ብሎ አላስቀመጠውም፤ ሰው እየተጫወተ የሚያሳልፈው ጊዜ ብቻ ነው። በሦስት ደቂቃ የሚደርሰው ከረጢት ያንን ጊዜ ሰረዘው፤ ሻዩን ከወጡ አጠገብ አስቀመጠው። ይህ እርግጠኛ ማብራሪያ ነው ማለት አይቻልም፤ በአገር ቤትም ዳቦ በሻይ የሚበላው ሰው ስፍር ቁጥር የለውምና። ሴትዮዋን ግን አሳመናት።

አሁን ከሥራ ስትመለስ ክኒኗን በብርቱካን ጭማቂ ትውጣለች። ቁርሷን ትበላለች። ከዚያ ትጠብቃለች። መጠበቁ ነው ያስቸገራት፤ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ሶፋው ላይ እንቅልፍ እየወሰዳት ሻዩን ጭራሽ ሳትጠጣው ቀረች። በሁለተኛው ሳምንት ያንን አንድ ሰዓት በስልክ መሙላት ጀመረች፤ ደብረ ብርሃን ከቀትር አልፎ ወደ 9 ሰዓት ሲሆን፣ እናቷ ከቅዳሴ በሚመለሱበት ሰዓት። በሚቀጥለው ምርመራ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ነበር፤ ገና ወሰኑን አላለፈም፤ ግን ተነቃነቀ።

ውጤቱን ያወቀች ዕለት ለእናቷ ሁሉንም አስረዳች፤ ስለ ቅጠሉ፣ ስለ ብረቱ፣ ስለ አንዱ ሰዓት። እናቷ በዚህ ጾም ራስ ምታትና ማዞር እንደበረታባቸው ባለፈው ሳምንት ነግረዋታል፤ ከቅዳሴ መልስ የሚቀምሱት የመጀመሪያ እህል ምን እንደሆነም ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃለች። ስለዚህ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ለመነቻቸው፤ «እማዬ፣ አንቺም ሻዩን ለብቻው አድርጊው። ከበላሽ በኋላ፣ ቆይተሽ።»

በወዲያኛው ጫፍ የብርጭቆ ድምፅ ተሰማ። እናቷ ጥቂት አሰቡና እንዲህ አሏት፤ «ታዲያ ዳቦውን በምን ልብላው?»