ቤት ፍለጋ የወጡት ውሮ፣ ቡቺ እና አህያዋ

የአማርኛ ተረት የሚጀምረው ከእንስሳ ማደሪያ ነው። ተራኪው «ተረት ተረት» ሲል ልጆች «የላም በረት» ብለው ይመልሳሉ። የተረቱ ጀግና ማን እንደሆነ እንኳ ሳይታወቅ ላሚቱ ቤት እንዳላት ተነግሮናል። መርሳ ላይ፣ ከአያቴ እግር ሥር ተቀምጬ ስሰማ ያደግሁት እኔ ይህን ልብ ያልኩት ካደግሁ በኋላ ነው። ልጄ ቤት ስለሌላት አንዲት ድመት ደጋግማ ስትጠይቀኝ።

በአያቴ ተረቶች ውስጥ ያሉ እንስሳት ሁሉም አንድ አንድ አስማት ነበራቸው። ቢያንስ ይናገራሉ። ብዙዎቹም አንድ ነገር ፍለጋ ከቤታቸው ይወጣሉ። ልጇን ለዓለም ኃያል ልትድር የተነሣችው አይጥ ትዝ ትለኛለች። ወደ ፀሐይ ብትሄድ ፀሐይ «ደመና ይጋርደኛል» አለቻት። ደመናው «ነፋስ ይበትነኛል»፣ ነፋሱ «ተራራ ያቆመኛል»፣ ተራራው ደግሞ «ከሥሬ የምትሰረስረኝ አይጥ አቃተችኝ» አለ። እናትየዋ ዓለምን ዞራ የመጣችው ከጎረቤቷ ደጅ ነው። አያቴ እዚህ ላይ ሲደርሱ ሁልጊዜ ይስቁ ነበር።

ይህ ዓይነቱ ተረት የእኛ ብቻ አይደለም። የጀርመኖቹ ወንድማማቾች ግሪም በ1819 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያሳተሙት «የብሬመን ሙዚቀኞች» አንድ አህያ፣ አንድ ውሻ፣ አንዲት ድመትና አንድ አውራ ዶሮ ቤት ሲፈልጉ የሚያሳይ ነው። አርጅተው ስላልጠቀሙ ጌቶቻቸው ሊያስወግዷቸው አስበው ነበርና ወደ ብሬመን ከተማ መንገድ ይጀምራሉ። ብሬመን ግን አይደርሱም። መንገድ ላይ ሌቦችን ከአንድ ቤት አስደንግጠው ያባርሩና እዚያው ይኖራሉ። በየአገሩ ልጆች እንዲህ ዓይነት ተረት የሚወዱበት ምክንያት ይመስለኛል፣ ልጅ በጣም ከሚፈራቸው ነገሮች አንዱ ማደሪያ ማጣት መሆኑ ነው። ያንን ፍርሃት ደግሞ በራሱ ስም ከሚናገረው በድመት ስም ቢናገረው ይቀለዋል።

ይህን ያወቅሁት ከመጽሐፍ አይደለም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ወልድያ ሲደርስ፣ ከብዙ የከተማው ነዋሪ ጋር እኛም ወጣን። ልጄ ያኔ ስድስት ዓመቷ ነበር። አንዱ እጅ ልጅ፣ ሌላው ጥቅል ይዞ ስለነበር ለድመት የሚተርፍ እጅ አልነበረም። መጀመሪያ ደሴ፣ ቀጥሎ አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ተጠጋን። በዚያ ሁሉ ጊዜ ልጄ ስለ አልጋዋም ስለ መጫወቻዎቿም አልጠየቀችም። ጥያቄዋ አንድ ነበር፤ «ለውሮ በሩን ማን ይከፍትላታል?»

ቀላሉ መልስ «ጎረቤት ያበላታል» ማለት ነበር። ጎረቤቶቻችን ግን ከእኛ ጋር አዲስ አበባ ነበሩ፤ ልጄም ይህን ታውቃለች። ስለዚህ አንድ ማታ ተረት ጀመርኩላት። ውሮ ከወልድያ ስትወጣ ቡቺ ከሚባል ውሻና ስም ከሌላት አህያ ጋር ተገናኘች። ሦስቱም አስማት አላቸው። ውሮ በጨለማ ውስጥ ነገን ታያለች። ቡቺ አንድን ቤት ከውጭ አሽትቶ ውስጡ ያለው ሰው ምን እንደሚሰማው ያውቃል። አህያዋ ደግሞ ሐዘንም ቢሆን የጫኑባትን ሁሉ ትሸከማለች።

መንገዱን እኔም እሷም የምናውቀው አደረግሁት። ወልድያን ለቀው በአስፋልቱ ዳር ወደ መርሳ ይወርዳሉ። ሲሪንቃ ሲደርሱ፣ የግብርና ምርምር ማዕከሉ አጠገብ፣ የማሽላ ዘበኛ ነኝ የምትል አይጥ «ውሻና አህያ ይግቡ፤ ድመት ግን አይሆንም» አለቻቸው። ጓደኛሞቹም «ወይ ሦስታችን፣ ወይ ማንም» ብለው አለፉ። መርሳ ላይ አንዲት ፍራፍሬ ሻጭ አህያዋን ለብርቱካን ጭነት ፈለገቻት፤ ሁለቱን ግን አልፈለገችም። አሁንም አለፉ።

እንዲህ እያልን ብዙ ማታ ሄድን። አንድ ቀን ልጄ አቋረጠችኝና «ውሮ ሰዎቿ ለምን ጥለዋት እንደሄዱ ታውቃለች?» አለች። ስለ ተረቱ እየጠየቀች እንዳልሆነ ገባኝ። መልሱንም ለቡቺ ሰጠሁት። «እኔ ሰው በንዴት ጥሎት የሄደውን ቤትና በፍርሃት ጥሎት የሄደውን ቤት በሽታ እለያለሁ» አለ ቡቺ። «ያንቺ ቤት የሚሸተው ፍርሃት ነው። አንቺን የጠላ ሰው እዚያ አልነበረም።» ልጄ ጥቂት ዝም አለችና «እሺ፣ ከዚያስ?» አለች።

ወልድያ የተመለስነው ከተማዋ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ነፃ ከወጣች በኋላ፣ የገና ሰሞን ነው። በራችን ተሰብሮ ነበር፤ ውሮም የለችም። ልጄ ጓሮውንና አጥሩን ስሟን እየጠራች ዞረች። አንዲት ዘመዳችን «የምትመስላትን ግልገል ድመት አምጥታችሁ እሷ ናት በሏት» ብለው መከሩን። እኔ ግን አልፈለግሁም። ለጊዜው ቢያስደስታትም፣ የድመቷን የጅራት ጫፍ ሳይቀር የምታውቅ ልጅ አንድ ቀን ትነቃበታለች። «የኔ እናት፣ ውሮ የት እንዳለች አላውቅም» አልኳት። አለቀሰች፤ አብሬያት ተቀመጥሁ።

ተረቱን የቀጠለችው ራሷ ናት። መርሳ ያሉ ዘመዶቻችን በሀብሩ ወረዳ ስላለው የጃራ የተፈናቃዮች መጠለያ ሲያወሩ ሰምታ ነበር። አንድ ማታ «ውሮና ቡቺ እኮ ጃራ ገብተዋል» አለችኝ። እንዴት ብላቸው? «እዚያ ያሉት ሰዎች ራሳቸው ከቤታቸው ወጥተዋል፤ ስለዚህ አያባርሯቸውም። ድንኳን ደግሞ በር ስለሌለው ማንም መክፈት የለበትም።» ለአራት ወር ስትጠይቀኝ ለነበረው ጥያቄ መልስ ያገኘችለት ራሷ ናት። አህያዋስ ስላት፣ «እሷ ገና ነች፤ ብዙ የምትሸከመው አለ» አለች።

አስማተኛ እንስሳ ለሕፃን መንገር ግን አንድ ኃላፊነት አለው። ቡቺን የወደደች ልጅ መንገድ ላይ ያገኘችውን ውሻ ሁሉ ማቀፍ ትፈልጋለች። ሰው ከሸሸበት አካባቢ ደግሞ ባለቤት አልባ ውሻ ይበዛል፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድንበት ዕድል የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ልጄን የተረቱ ውሻና የመንገዱ ውሻ የተለያዩ መሆናቸውን በግልጽ አስተምሬያታለሁ። የማታውቀውን ውሻ አትነካም። ውሻ ቢነክሳት ወይም ቢቧጭራት ሳትደብቅ ወዲያው ትነግረኛለች። ቁስሉን በሚፈስ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። በቤት የምናሳድጋቸውንም ውሾችና ድመቶች ማስከተብ የእኛ ድርሻ ነው።

ከቀዬው የተፈናቀለ፣ ትምህርት ቤት የቀየረ ወይም የሚወደውን ያጣ ልጅ ያላችሁ ወላጆች ይህን ብትሞክሩት ደስ ይለኛል። ሁለት ሦስት እንስሳት ምረጡ፤ ለእያንዳንዳቸው አንድ አስማት ስጡ። መንገዱ ልጁ የሚያውቀው ይሁን። በተረቱ ውስጥ፣ በእውን የማትፈጽሙትን ተስፋ አትስጡ። ልጁ ሲያቋርጣችሁ አትቆጡ፤ ከልቡ የሚፈልገው ነገር የሚወጣው ሲያቋርጥ ነው። ፍጻሜውንም ለመጨረስ አትቸኩሉ። ልጄ አሁን ለመርሳዋ የአክስቷ ልጅ ስትተርክ እሰማታለሁ፤ አህያዋ እስካሁን መንገድ ላይ ናት። የምትገባበትን ቀን የምትወስነው እሷ ናት።