ብርዱን አትፍሩት

ሚኒሶታ ጓሮ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ከጎመኑና ከቃሪያው አጠገብ ብሉቤሪ ትከሉ! ክረምቱን አትፍሩለት፤ እንዲያውም በቂ ብርድ ካላገኘ በወጉ አያብብም። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1983 ያወጣው «ኖርዝብሉ» የሚባለው ዝርያ ቁመቱ ከወገብ አይበልጥም። በረዶው ሲከመርበት እምቡጦቹ ከውርጩ ይተርፋሉ።

ዋናው ነገር አፈሩ ነው። አሲዳማ ካልሆነለት ቅጠሉ ይገረጣል፤ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ አስቀድማችሁ አስመርምሩት፤ ሰልፈር የሚያስፈልገው ከሆነም ከመትከላችሁ ዓመት በፊት ጨምሩበት፣ ቶሎ አይሠራምና።

በመጀመሪያው ዓመት የሚያወጣውን አበባ ቀንጥሱት። እኔ ሆዴ እየባባ ነው የምቀነጥሰው፤ ግን ጉልበቱ ወደ ሥሩ መሄድ አለበት። በረዶ ሳይጥል ደግሞ ዙሪያውን በወንፊት ሽቦ እጠሩለት፤ ጥንቸል በክረምት ቅርንጫፉን ትግጠዋለች።