የሰው ችግር ስንት ያወጣል?

ልደታ አካባቢ ቤት ፈልጋችሁ ደላላ ጋ ከሄዳችሁ ቶሎ የምትሰሙት ጥያቄ «መቼ ነው የምትገቡት?» የሚል ነው። ተራ ጥያቄ ይመስላል። ግን «ዛሬውኑ» ያለ ሰውና «ኧረ ገና ሁለት ወር አለኝ» ያለ ሰው ያንኑ ቤት በአንድ ዋጋ አያገኙትም። ቤቱ ያው ነው፣ ግድግዳውም አልተቀየረም። የተለየው የሰውየው መቸገር ነው። ደላላው የጠየቀው ቀን ይምሰል እንጂ የለካው ጭንቀት ነው።

ሶፍትዌር ስለምሠራ ይህን ጥያቄ ከሥራዬም አውቀዋለሁ። ዝናብ ሲጥል ዋጋ የሚጨምር የታክሲ መተግበሪያ በራሱ መንገድ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። እሱስ ቢያንስ መከራከሪያ አለው፤ ዋጋው ከፍ ሲል ብዙ ሾፌር ይወጣል፣ ተሳፋሪውም ዋጋውን አይቶ መተው ይችላል። የባሰው ሌላ ነው። አማርኛ ብቻ ለሚያነብ ሰው ገጽ ሙሉ እንግሊዝኛ ደርድሮ፣ ከሥሩ «እስማማለሁ» የሚል ትልቅ አረንጓዴ ቁልፍ ማስቀመጥ። ሰውየው ተስማማ? ጣቱ ተስማማ።

ታዲያ መስመሩ የት ነው? ነጋዴ ያተርፋል፣ አከራይ ያከራያል፣ እኔም ለሙያዬ ጥሩ ዋጋ እጠይቃለሁ። ማትረፍ ሁሉ ብዝበዛ ከሆነ ማንም ንጹሕ አይደለም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ይህን ጉዳይ በቁጥር 1710 ላይ በሁለት ንዑስ አንቀጽ ጨርሶታል። ሐሳቡን በራሴ አነጋገር ላስቀምጠው፦ አንድ ውል ለአንደኛው ወገን አብልጦ ስለጠቀመ ብቻ አይፈርስም። ነገር ግን የተጎጂው ፈቃድ የተገኘው ችግሩን፣ የዋህነቱን፣ መጃጀቱን ወይም በግልጽ የሚታይ የንግድ ልምድ ማጣቱን መጠቀሚያ በማድረግ ከሆነ፣ ፍትሕ ሲያስገድድ ሊፈርስ ይችላል። እንግዲህ ሕጉ የሚጠይቀው «ስንት አተረፍክ?» ብሎ ብቻ አይደለም፤ «ትርፍህ ከምን መጣ?» ይላል። ከሙያህ ነው? ከንብረትህ ነው? ወይስ ከሌላው ሰው መቸገርና አለማወቅ?

ሕጉ እንዲህ ይበል እንጂ ቋንቋችን ሌላ ትምህርትም ያስተምረናል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እየተባልን ነው ያደግነው። «የዋህ» ማለት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ምርቃት ነው፤ ገበያ ላይ ስድብ ነው። አጋጣሚ አግኝቶ ያልተጠቀመ ሰው ደግሞ «ፋራ» ይባላል።

ይህ ሁሉ በሐሳብ ደረጃ ቀላል ነው። እኔን የፈተነኝ በተገላቢጦሽ መጥቶ ነው፦ ተከራይ ሆኜ።

አከራዬ በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው። በ2002 አካባቢ የልደታ የቀበሌ ቤቶች ሲፈርሱ ነው ኮንዶሚኒየም የደረሳቸው። የባንክ ዕዳውን የሚከፍሉት በኪራዩ ነው፤ ራሳቸው የሚኖሩት ልጃቸው ጋ ነው። በ2011 በ5,500 ብር ተከራየሁ። በ2015 ደረጃው ላይ ያሉት ጎረቤቶቼ 10,000 ብር ሲከፍሉ እኔ አሁንም በ5,500 ነበርኩ። እሳቸው ወደ ሰፈሩ ብዙም አይመጡም፣ ገንዘቡን በስልክ ነው የምልከው። ዋጋ የት እንደደረሰ እንደማያውቁ ከንግግራቸው ይገባኝ ነበር።

ጓደኛዬን አማከርኩት። «ሰው ጭማሪ ሲሸሽ አንተ ትጠራዋለህ እንዴ? ዝም በል!» አለኝ። ክርክሩ ባዶ አልነበረም። አልዋሸሁም፣ አልደበቅኩም፣ ዋጋ መጠየቅ የእሳቸው ፋንታ ነው። ደግሞስ የትኛው አከራይ ነው ተከራዩን ጠርቶ «ብዙ እያስከፈልኩህ ነው» የሚለው?

ከአእምሮዬ አልወጣ ያለኝ ግን የ2012 ዓ.ም. ትዝታ ነው። ኮሮና ሲገባ አዲስ አበባ ውስጥ የወር ኪራይ የተዉ፣ የቀነሱ አከራዮች ነበሩ። እነዚያ ሰዎች ምን እንደሚተዉ ያውቁ ነበር። ለዚህ ነው ስጦታ የምንለው። ስጦታ ስጦታ የሚሆነው ሰጪው ሲያውቅ ነው። እሳቸው አውቀው ቢተዉልኝ እጅ ነስቼ እቀበል ነበር። ሳያውቁ የሚቀርባቸው ገንዘብ ግን ስጦታ አይደለም፤ ካለማወቃቸው ላይ የምቆርሰው ነው።

ደወልኩና ነገርኳቸው።

«ልትለቅ ነው እንዴ ልጄ?» አሉ ደንግጠው።

«አይ፣ አልለቅም። ዋጋው ሰፈር ውስጥ ከፍ እንዳለ እንዲያውቁ ብዬ ነው።»

ትንሽ ዝም ብለው «ታዲያ ምን ፈልገህ ነው?» አሉኝ።

ስልኩን ለልጃቸው ሰጧት፤ እሷም ያንኑ ጠየቀችኝ። አልፈረድኩባቸውም። ሁሉም ሰው አጋጣሚውን በሚጠቀምበት ከተማ፣ ያልተጠቀመ ሰው የሚያስጠረጥር ይሆናል። ሳምንት ቆይተው ራሳቸው ሰው ጠይቀው አረጋገጡ፤ በ8,500 ብር ተስማማን። ከጎረቤት ያነሰ ነው። ይህኛውን ቅናሽ ግን እያወቁ ነው የሰጡኝ።

በዓመቱ፣ በ2016 ዓ.ም.፣ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ወጣ። ውል ከሁለት ዓመት አያንስም፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም፣ ጭማሪም በዓመት አንዴ፣ ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው ልክ ብቻ ሆነ። ለተከራይ ትልቅ ነገር ነው፤ «መቼ ነው የምትገቡት?» ከሚለው ጥያቄ ጉልበቱን ለመቀነስ የወጣ ሕግ ነው። ግን አስቡት፦ ዝም ብዬ ቆይቼ ቢሆን ያ 5,500 ብር ተመዝግቦ ይታሰርባቸው ነበር። እኔን ለመጠበቅ የወጣው አዋጅ የእሳቸውን አለማወቅ ያጸናልኝ ነበር፤ ያውም በሕጋዊ ማኅተም።

ሕግ ደካማው ማን እንደሆነ አስቀድሞ ገምቶ ነው የሚጻፈው። አብዛኛውን ጊዜ ግምቱ ልክ ነው፤ አንዳንዴ ግን ደካማው በሌላ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ያኔ የሚቀረው መፈተኛ አንድ ይመስለኛል፦ እኔ የማውቀውን ሌላው ሰው ቢያውቅ ይህ ስምምነት ይቆማል? የሚቆም ከሆነ ትርፉን ያለ ጸጸት መውሰድ ነው። የማይቆም ከሆነ ግን ስሙ ትርፍ አይደለም። ጓደኛዬ እስካሁን ፋራ ይለኛል። ይበል። ሰፈር የምመጣ የምሄደው እሳቸውን ስልክ ላይ ሳያቸው ሳልሳቀቅ እያነሳሁ ነው።