የዜግነት ትምህርት በ«ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ» ይለካል ወይ?

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የማስተማር ልምምድ አድርገን የተመለስን ሠልጣኞች፣ ማታ ማታ በመኝታ ክፍላችን ስንከራከርበት የሰነበትነውን ጉዳይ ዛሬ ወደዚህ ግድግዳ አውጥተነዋል። ጉዳዩ የዜግነት ትምህርት ፈተና ነው። ማስተማሩንስ እንደምንም እንወጣዋለን፤ ምዘናው ግን አስቸገረን።

ለምሳሌ ይህችን ጥያቄ እንመልከት፦ «ከሚከተሉት ውስጥ የሕግ የበላይነት መገለጫ ያልሆነው የትኛው ነው?» አራት ምርጫዎች ይደረደራሉ። ሦስቱ ከመጽሐፉ በቀጥታ የተገለበጡ ናቸው፤ አራተኛው «ባለሥልጣን በሕግ አይጠየቅም» ይላል። ታዲያ ይህን ለመመለስ የሕግን የበላይነት ማወቅ ቀርቶ ክፍል ውስጥ መገኘትስ ያስፈልጋል? የጎረቤቱን ወረቀት አሻግሮ ያየም ይመልሰዋል። የ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ኩረጃን ለመከላከል ተብሎ ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ሲዛወር፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። እነዚያ ተፈታኞች ስለ ኃላፊነትና ስለ ሕግ የበላይነት ለዓመታት ተምረው፣ በየዓመቱም ተፈትነው አልፈው ነው እዚያ የደረሱት።

የትምህርቱ ስም ብዙ ጊዜ ተቀያይሯል። በንጉሡ ዘመን ግብረገብ ነበር፤ በደርግ ጊዜ የፖለቲካ ትምህርት መጣ፤ ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ ሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ሆነ። ከዴሞክራሲያዊ ሥርዓት ተነሥቶ ዕውቀትን እስከመሻት የሚደርሱ አሥራ አንድ እሴቶች ነበሩት፤ ከዘጠነኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያው አሥራ አንዱ ይመላለሱ ነበር። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ደግሞ የዜግነት ትምህርት ተብሏል። ይሁን እንጂ ተማሪው ዛሬም እጁን አውጥቶ የሚጠይቀን «ቲቸር፣ ይሄ ፈተና ላይ ይመጣል?» ብሎ ነው። አይፈረድበትም።

አንዳንዱ መምህር ይህን ተረድቶ «ተሳትፎ» በሚል 10 ማርክ ይመድባል። ሐሳቡ ባልከፋ፤ ግን ማርኩ ለማን ሲሰጥ አየን? ዝም ብሎ ለሚቀመጠው፣ ጥቁር ሰሌዳ ለሚያጠፋው፣ መምህሩ ያለውን ደግሞ ለሚያነበንበው። ክርክር ያነሣ ልጅ «ረባሽ» ይባልና ማርኩ ይቀነሳል። ይህ ታዛዥነትን መመዘን እንጂ ዜግነትን መመዘን አይደለም።

ሩቅ ሳንሄድ እዚሁ ሶዶ የሆነውን እናንሣ። በኅዳር 1992 ዓ.ም. ወላይታ ገና በሰሜን ኦሞ ዞን ሥር ሳለ፣ የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋ በአንድነት አዋህዶ «ወጋጎዳ» በሚል ስም የተዘጋጀ መማሪያ መጽሐፍ ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መጣ። ስሙ ራሱ ከአራቱ ስሞች መነሻ የተቀጣጠለ ነው። መምህራንና ተማሪዎች አንቀበልም አሉ፤ ከተማው ተነሣ፤ ሰው ሞተ፤ ብዙዎች ታሰሩ። በመጨረሻ መጽሐፉ ቀረ፤ በ1993 ዓ.ም. ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። የዛሬ ተማሪዎቻችን ያኔ አልተወለዱም፤ ወላጆቻቸው ግን ያስታውሳሉ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 የተደነገገው የመሰብሰብና ሰላማዊ ሰልፍ የማድረግ መብት እስከምን ድረስ ነው? መጽሐፉን ያዘጋጀው አካል አስቀድሞ ማንን መጠየቅ ነበረበት? መምህር የመንግሥት ሠራተኛ ሆኖ ሳለ የታዘዘውን መጽሐፍ አላስተምርም ማለት ይችላል? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ እኛኑ ራሳችንን ይነካናል፤ በመኝታ ክፍላችን እስካሁን አልተስማማንበትም።

ቅርቡን ካልን ደግሞ ሕዝበ ውሳኔው አለ። የዞኑ ምክር ቤት በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. ወላይታ ራሱን የቻለ ክልል ይሁን ብሎ ወስኖ ነበር። ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. ለድምፅ የቀረበው ግን ስድስት ዞኖችና አምስት ልዩ ወረዳዎች በጋራ አንድ ክልል ይሁኑ ወይስ አይሁኑ የሚል ነበር። ምርጫ ቦርድ በወላይታ ዞን ከባድ የሕግ ጥሰት አግኝቻለሁ ብሎ የዞኑን ውጤት ሰረዘ፤ ሰኔ 12 ቀን ድምፁ እንደገና ተሰጠ። የደቡብ ኢትዮጵያ ክልልም በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ተመሠረተ። ተማሪዎቻችን ቤተሰቦቻቸው ሁለት ጊዜ ሲሰለፉ አይተዋል። ድምፅ ተሰርዞ እንደገና መሰጠቱ ሕግ መሥራቱን ያሳያል ወይስ ሕግ መጣሱን? ሁለቱንም የሚል ልጅ ቢገኝ ምን ያህል ማርክ እንሰጠዋለን?

እዚህ ላይ ነው ፍርሃቱ የሚመጣው። «ኧረ ይቅርብኝ፣ ልጆቼን ላሳድግበት» የሚሉ ነባር መምህራን አጋጥመውናል፤ አንነቅፋቸውም። ነገር ግን ስለ ጉዳዩ ዝም ከማለት የባሰ አንድ አደጋ አለ፤ እሱም መምህሩ ጉዳዩን አንሥቶ የራሱን አቋም ለደገመለት ልጅ ብቻ ሙሉ ማርክ መስጠቱ ነው። ስለዚህ ልጁ የትኛውን ወገን እንደደገፈ ማርክ ሊሰጠው አይገባም። የሚታየው ዓመተ ምህረቱንና የሆነውን ነገር በትክክል መያዙ፣ ሕጉ ምን እንደሚል ማወቁ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የማይስማማበትን ወገን ሐሳብ ባለቤቱ ሰምቶ «አዎ፣ ያልኩት ይህንኑ ነው» እስኪል ድረስ ማስረዳቱ ነው። ይህን የመጨረሻውን ከግማሽ በላይ ማርክ እንስጠው ባዮች ነን። በወላይታ ዱቡሻም ክርክር የሚሰማው በአደባባይ፣ ሁሉም እየሰማ ነው።

«ይህን ሁሉ ወረቀት ማን ያርማል?» የሚሉን አሉ። አስልተነዋል። አምስት ክፍል ለሚያስተምር፣ በክፍል 60 ተማሪ ቢሆን 300 ወረቀት ነው፤ ግማሽ ገጽ መልስ በሁለት ደቂቃ ቢታረም አሥር ሰዓት ይፈጃል። በሴሚስተር አንድ ጊዜ ከሆነ ይቻላል።

ከዚህ የሚከብደው ቋንቋው ነው። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ በወላይትኛ እንደ ጅረት የሚናገር ልጅ ወረቀት ላይ ሁለት መስመር ጽፎ ያቆማል። ፊደል መክበቡ የተወደደበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ሳይሆን አይቀርም። እኛ የምንለው፣ ክርክሩ በሚቀናቸው ቋንቋ በቡድን ይካሄድ፤ በእንግሊዝኛ የሚጻፈው መደምደሚያው ብቻ ይሁን፤ ሰዋስው አይታረምበት። በዚህ የእንግሊዝኛ ክፍል መምህሮቻችን እንደሚቆጡን እናውቃለን።

በወጋጎዳው ጉዳይ ላይ ያዘጋጀነውን ጥያቄና የማርክ አሰጣጡን ረቂቅ ከዚህ ጽሑፍ ሥር ለጥፈናል። እርሳስ በክር አንጠልጥለናል፤ መምህሮቻችንም ጓደኞቻችንም እዚያው ላይ እየሰረዙ ያርሙልን። እርሳሱን ግን እባካችሁ አትውሰዱብን።